ወገቡ የሰፋ፣ ትከሻው የጠበበ ቀሚስ

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አክስቴ ከስፌት መኪናዋ ተነሣች። መኪናው ላይ የአንዲት ደንበኛ ቡናማ ቀሚስ ነበር። የቀኙ ጎን ተተርትሮ፣ ውስጥ ከተጣጠፈው ትርፍ ጨርቅ ትንሽ ተለቅቆለት፣ እንደገና ተሰፍቷል። የግራው ተተርትሮ ብቻ ቀርቷል። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ነው። «ትንሽ ጋደም ብዬ ልምጣ» አለችው ባሏን። እሱም ዓይኑ ላይ የሰካትን የሰዓት መጠገኛ ማጉያ ሳያነሣ «እሺ» አላት። ወደ መኪናዋ አልተመለሰችም። በሳምንቱ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች።

የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ «ሥራ» በሚለው ቦታ «የቤት እመቤት» ተብሎ ተጽፏል፤ «ልጅ» በሚለው ደግሞ «የላትም»። የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ሁለተኛው ስሕተት የለበትም፤ ግን ስለ እሷ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። እኔ የምተዳደረው መዝገብ በመጠበቅ ስለሆነ ስሕተት አይቶ ማለፍ አልለመደብኝም። ከዚህ በታች ያለውን ገሚሱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ገሚሱን እናቴና የአክስቴ ባል በየፊናቸው ነግረውኛል። ሁለቱ ያልተስማሙበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱንም እንዳለ አስቀምጫለሁ።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አዲስ ልብስ ግን አትሰፋም። ሥራዋ ያረጀውን ማስፋትና ማጥበብ፣ ማሳጠርና ማስረዘም ነው። «አዲስ ልብስማ ማንም ይሰፋል» ትላለች፤ «ከባለቤቱ ጋር የተጣላን ልብስ ማስታረቅ ነው ቁም ነገሩ።» ሱቋ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ጠባብ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ክፍል ነው። ከመስታወቱ ሥር ባሏ ሰዓት ይጠግናል፤ ብርሃን የሚፈልገው እሱ ነውና። እሷ ከኋላው አምፖል ሥር ትቀመጣለች። ደንበኛ ወደ እሷ ለመድረስ የእሱን ጠረጴዛ ታክኮ በጎን ማለፍ አለበት። ያን ጊዜ የማትቀር ቀልድ ነበረቻት፦ «ቀስ ብላችሁ እለፉ፣ የሰው ሰዓት እንዳትደፉበት። የአገሩን ሰዓት ያስተካክላል፤ የራሱን የምሳ ሰዓት ግን እኔ ካልነገርኩት አያውቅም።» ባሏ ይህችን ቀልድ ዕድሜ ልኩን ሰምቷታል፤ በሰማ ቁጥርም ፈገግ ይላል።

ያረገዘች ሴት ከሐኪም በፊት የምትመጣው ወደ አክስቴ ነበር፤ ያውም እርጉዝ ነኝ ሳትል። «ወገቡን ትንሽ ልቀቂልኝ፣ ሰሞኑን ምግብ አበዛሁ መሰለኝ።» አክስቴ ሜትሩን ከእምብርት ዝቅ አድርጋ ታዞራለች፣ በጣቶቿ ይዛ ቀና ትልና ፊቷን ታያለች። «ስንት ወርሽ ነው?» አንዳንዷ ደንግጣ ትስቃለች፤ አንዳንዷ ለባሏም ገና አልነገረችም። አክስቴ የማንንም ምስጢር አላወጣችም። ጨርቁን ስትመልስ ብቻ «እዚህ ውስጥ ቦታ ትቼልሻለሁ፤ እስክትገላገዪ ተመልሰሽ አትመጪም» ትላታለች። ወሩን ስትገምት እምብዛም አትስትም። ሰፈርተኛው «የጤና ጣቢያው ወረፋ ከሚያንገላታሽ የሷ ሜትር ይሻልሻል» ይል ነበር።

ለራሷ አልመጣላትም። ባሏን መረመሩት፣ ደህና ነህ አሉት። እሷን መረመሯት፣ አንዱ ሐኪም ቱቦ አለ፣ ሌላው ሆርሞን አለ፣ ሦስተኛው አይታወቅም አለ። ኪኒን ዋጠች፣ መርፌ ተወጋች፣ ጠበቀች፣ ተመልሳ ሄደች። ባሏ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። እናቱ ግን የሱን ድርሻ ጨምረው ይናገሩ ነበር።

ሦስተኛዋ ልጅ፣ ታናሽ እህቴ፣ የተወለደች ሰሞን ነው። የአክስቴ አማት እናቴን ሊጠይቁ እኛ ቤት መጥተዋል። ሕፃኗ አለቀሰች። አክስቴ ጎንበስ ብላ ልታነሣት ስትል አማቷ «ተያት ልጄ፣ አትንኪያት» አሏት፤ «ያልወለደ እጅ አይመቻትም።» አክስቴ ሕፃኗን መልሳ አስተኛቻት፣ ብርድ ልብሷን አስተካከለች። «እውነትዎን ነው እማማ፣ እጄ ላይ መርፌ ሊኖር ይችላል» ብላ ወጣች። የዚያን ዕለት አባቴ እኛን ልጆችን ሳይቀር ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ እሷ ባለችበት ስለ ሆድና ስለ ልጅ የሚያነሣ እንዳልሰማ» አለ። በቤታችን ውስጥ እንደዚያ የተከበረ ሕግ አላውቅም። ደግነት ነበር፤ ሁላችንም ደግነት መስሎን ነው የጠበቅነው።

እናቴ ይሉኝታዋ ከሁላችንም ይብሳል። የሚቀጥሉትን ሁለት እርግዝናዎች ከእህቷ ደበቀች። ማስመለስ ሲመጣባት ወደ ጓሮ ትሮጣለች። ልብሷ ሲጠባት በአውቶቡስ ተሳፍራ ወደማታውቀው ልብስ ሰፊ ትወስደዋለች። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አክስቴ የእናቴን ቀሚስ ጎን በሁለት ጣቷ ያዘች።

«ይሄን ማን ነው የነካው?»

«ምኑን?»

«ጎኑን። ስፌት ነው ወይስ የአጥር ሽቦ?»

እናቴ ጎኗን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ስንት ወርሽ ነው፣ ትንሿ?» እናቴ ከእሷ በአንድ ዓመት ስለምታንስ፣ የአምስት ልጆች እናት ከሆነች በኋላ እንኳ «ትንሿ» ነበር የምትላት።

«አራት ሊሆነኝ ነው… እታለም፣ እኔ እኮ…»

«አውልቂ።»

«እዚህ?»

«ለዚያ እጀ ሰባራ ከምትሰጪው ራቁትሽን ብትሄጂ ይሻለኝ ነበር። አውልቂ ብዬሻለሁ! አንተ ሰውዬ፣ ፊትህን ወደ ሰዓትህ!»

እናቴ አንሶላ ተጠቅልላ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ አክስቴ ቀሚሱን ተርትራ እንደ አዲስ ሰፋችው። ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ። ያኔ ሕጉ ይሻራል ብዬ ነበር። አልተሻረም። ጭራሽ እናቴ በኀፍረቷ ላይ ኀፍረት ጨመረችበት።

የሁለቱን ኑሮ ጎን ለጎን ያየሁት እኔ ነኝ። እናቴ ተቀምጣ ምግብ ስትጨርስ አይቻት አላውቅም። ከአራተኛው ልጅ በኋላ ወገቧ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ጥርሶቿ አንድ በአንድ ለቀቁ፤ ስታስነጥስ እግሯን ታጣምራለች። አክስቴ ቤት ደግሞ አልጋው ጠዋት እንደተነጠፈ እስከ ማታ አይነካም፤ ሁለት ብርጭቆ ታጥቦ ይደፋል፣ አለቀ። እሑድ እሑድ ቤት ይለዋወጡ ነበር። እናቴ «እህቴን ልጠይቅ» ብላ ትወጣና ባዶው ቤት ገብታ የአክስቴ አልጋ ላይ እንደ ድንጋይ ትተኛለች። አክስቴ እኛ ቤት መጥታ ስትጮህ ትውላለች፤ «አንተ ውረድ! አንቺ አፍንጫሽን! ማነው ጫማ ውስጥ ውሃ የሞላ?» ሲመሽ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። አንዷ ዓይኗ አብጦ፣ ሌላዋ ድምፅዋ ተዘግቶ።

አንድ ጊዜ እናቴ ለወገቧ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዛ፣ አክስቴም አብራት ተቀምጣ፣ አንዲት ተማሪ ለጥናት ብላ መጣችባቸው። የወለዱና ያልወለዱ ሴቶችን ኑሮ ነው የምታጠናው።

«በሕይወትዎ ምን ያህል ይረካሉ? በጣም፣ በመጠኑ፣ በትንሹ፣ ወይስ ምንም?»

«እኔ የምረካው ስተኛ ነው» አለች እናቴ። «ስለማልተኛ አልረካም ብለሽ ያዥልኝ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እተኛለሁ» አለች አክስቴ።

«እሱን አይደለም እኮ፤ ከአራቱ አንዱን ይምረጡልኝ።»

«የኔ እመቤት፣ እሷ አምስት ልጅ አላት እንቅልፍ የላትም፣ እኔ እንቅልፍ አለኝ ልጅ የለኝም። ደምሪንና ለሁለት አካፍዪን፤ በመጠኑ እንሆናለን።»

ልጅቷ ሳቀች። አክስቴም ሳቀች። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ሕጉ የተጣሰ መስሏት ወለል ወለሉን ታይ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ የአክስቴ የወር አበባ ቀረ። በመስከረም ወገቧ ላይ ያለው ቁልፍ እምቢ አለ። ባሏ እንደነገረኝ፣ አንድ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍቱ መስታወቱ ፊት ቆማ ሜትሩን ከእምብርቷ ዝቅ አድርጋ አዞረችው። ከዚያ ለሌሎች ሴቶች በምትናገርበት ድምፅ «ሦስት ወር» አለች።

«ሐኪም ዘንድ እንሂዳ» አላት።

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«እስከ ዛሬ ሄጄ የተነገረኝ ሁሉ ‹የለም› ነው። አሁን አልጠይቅም። ካለ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ።»

ባሏ ሊከራከራት አልደፈረም። ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚያ ፊቷ በርቶ አይቷት አያውቅም። ወሬው አማቷ ዘንድ ሲደርስ ሱቅ ድረስ መጡ። በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ተጣብቀው ገቡና፣ አክስቴ ተነሥታ ወንበሯን ልትለቅላቸው ስትል ትከሻዋን ይዘው አስቀመጧት። «ቁጭ በይ፣ አንቺ አትቁሚ፤ ያኔ የተናገርኩትን ምላሴን ይቁረጠው» አሏት። መደገፊያ ያለው ወንበርም ላኩላት። አክስቴ ያንን ወንበር ለመጣ ሰው ሁሉ ታሳይ ነበር። «ሆዴ ሹመት አገኘ። እኔ እሱን ተከትዬ ነው የገባሁት።»

ሆዷ በየወሩ አደገ። ሜትሯ አልዋሸም፤ የሚለካው ስፋትን ነው፣ እሷም ስፋቱን ወደ ወር ትመነዝረዋለች፤ ሥራዋ ነውና። አራት ወር። አምስት ወር። ዘወትር የምትለብሳትን ግራጫ ቀሚሷን ጎኗን ለቀቀች፣ ደግማ ለቀቀች፣ ትርፉ ጨርቅ ሲያልቅ በሁለቱም ወገን ቁራጭ አስገባችባት። ግን በዚያው ቀሚስ ላይ ትከሻውን ታጠብብ ነበር። እጅጌውንም አጠበበች። አንገትጌው ሲወርድባት ሰብስባ ሰፋችው። ወገቡን ታሰፋለች፣ ትከሻውን ታጠብባለች። ከእሷ ሌላ ልብስ ሰፊ ቢሆን ግራ ይገባው ነበር። እሷ ግን መልስ ነበራት፦ «ምን ይደረግ፣ ልጁ ሆዳም ነው፤ ከኔው ላይ ነው የሚበላው።»

እናቴ ያንን ትከሻ አየች። አምስት ጊዜ አርግዛለች፤ አንድም ጊዜ ትከሻዋ አልጠበበም። ጉንጭዋ ሲጎድል፣ የእጇ አጥንት ሲወጣ፣ ቁርጭምጭሚቷ ሲያብጥ አየች። ለማንም አልተነፈሰችም። አንድ እሑድ፣ ለመተኛት መሄዷን ትታ፣ ደፍራ ጠየቀቻት።

«እታለም፣ ይንቀሳቀሳል?»

«ምኑ?»

«ልጁ ነዋ። እስካሁን እኮ መራገጥ ነበረበት።»

አክስቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «የሁሉም ልጅ እንዳንቺ ልጆች ረባሽ መሆን አለበት?»

«እሱን ማለቴ አይደለም። ብቻ አንድ ጊዜ ብንታይ…»

«አንቺ አምስት አግኝተሽ ማንም አልጠየቀሽም። እኔን በአንዱ ትመረምሪኛለሽ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች እናቴ። ሌላ አልጨመረችም። ዛሬ ስለዚህ ስትጠየቅ የምትለው ይህን ብቻ ነው፦ «የጠገበ ሰው የራበውን ‹አትብላ› ይለዋል? በምን አፌ?» ለአባቴ አልነገረችውም፣ ለአክስቴ ባልም አልነገረችውም። እኛ ልጆቿም የአክስቴን ሆድ እያየን አላየንም። ያ የድሮ ሕግ እንደጸና ነበር፤ ያን ጊዜ ለማጽናናት የወጣ ሕግ አሁን አንዲትን ሴት ከሐኪም ያስቀራል ብሎ ያሰበ የለም።

እናቴና የአክስቴ ባል የማይስማሙበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። ባሏ ታውቅ ነበር ይላል። በኅዳር አንድ ቀን ሜትሩን ትከሻዋ ላይ አዙራ፣ ቁጥሩን አይታ፣ ሜትሩን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ስትከት አይቷታል፤ ከዚያ ወዲያ ወገቧን ለክታ አታውቅም ይላል። እናቴ ደግሞ አላወቀችም ትላለች፤ ብታውቅ ኖሮ በታኅሣሥ ለሕፃን የሚሆን ለስላሳ ጨርቅ አትገዛም ነበር። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። የቱ እንደሚያመዝን እኔ አላውቅም።

በጥር መተንፈስ አቃታት። ደረጃዎቹን ሁለቱን መውጣት ስላልቻለች ባሏና አባቴ ደግፈው አወጧትና ሆስፒታል ወሰዷት። እናቴ አብራት ገባች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አልትራሳውንዱን ሆዷ ላይ ሲያዞር ቆየና የመሣሪያውን ፊት ቀስ ብሎ ወደ ራሱ አዞረው።

«ስንት ወሬ ነው ዶክተር?» አለችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያበጠው?»

«አላበጠም፣ አርግዤ ነው። ሰባት ነው የምለው እኔ። አንተ ስንት ትለዋለህ?»

ሐኪሙ እናቴን አየ። እናቴ ዓይኗን ሰበረች።

«ወር የለውም እህቴ» አላት።

የእንቁላል ማምረቻዋ ላይ የተነሣ እጢ ነበር፤ ሆዷን የሞላው ውሃ ነው። በመስከረም ብትመጣ ቀዶ ጥገና ነበረ፤ አሁን ወደ ጉበትና ወደ አንጀት ተዛምቷል። ይህን ለባሏ በኮሪደሩ ነገሩት። እሷ ሌላ አልጠየቀችም። ውሃውን በቱቦ ቀዱላት፣ ጥቂት ቀን አቆዩዋት፣ ወደ ቤት መለሷት። ሆዷ ሲጎድል ሌላውም ገላዋ ምን ያህል እንዳለቀ ታየ።

ወደ ሱቅ ልሂድ አለች። ባሏ ለመናት፤ አልሰማችውም። መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን አንዲት የድሮ ደንበኛ ገባች፤ የአክስቴ ሆድ የለም፣ ፊቷ ገርጥቷል፤ ሴትዮዋ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ውይ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ! ወንድ ነው ሴት?»

ባሏ እጁ ላይ ያለው መሣሪያ ወደቀበት።

«ውሃ ነው» አለቻት አክስቴ። «አምጪው፣ የቱ ጋ ነው የጠበበሽ?»

ሴትዮዋ ያለቻት አልገባትም። ቀሚሷን ሰጥታ በዝግታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሱቁ የሚገባ ሰው ሁሉ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ያወራ ነበር፤ ሕጋችን ሰፈሩን አዳረሰው።

ያፈረሰችው እናቴ ናት፤ ያውም ሳታስበው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱቁ መጥታ እግሯን እያሸችላት ነበር። የአክስቴ ባል ለሥራ ወጥቷል። እናቴ ማልቀስ ጀመረች።

«ምነው? ለኔ ከሆነ ቆዪ፣ ገና ነኝ» አለቻት አክስቴ።

«ለራሴ ነው።»

«ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ኪኒኔ አልቋል።»

«የምን ኪኒን? የወገብሽ?»

አክስቴ እግሯን ሰብስባ ቀና አለች።

«የእርግዝና መከላከያ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትንሹ ወዲህ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት? የት ነው የምትደብቂው?»

«የጨው ዕቃ ውስጥ።»

እናቴ የምትጮህባት መስሏት ጠበቀች።

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለች እናቴ። «አንቺ መርፌ ስትወጊ፣ ኪኒን ስትውጪ ያጣሽውን፣ እኔ እንዳይመጣብኝ ኪኒን እውጣለሁ ልበልሽ? በምን አፌ? ስድስተኛ ቢመጣ አልነሣም፣ ወገቤ ይለያያል። ሰሞኑን ባንቺ ሩጫ መግዛቱን ረሳሁት፤ ሰፈራችን እንዳልገዛ ያወራሉ፣ ሌላ ቦታ እንዳልሄድ አንቺን ጥዬ…»

«አይ ሞኝ» አለች አክስቴ። «ያን ትከሻዬን አይተሽ ዝም ያልሽኝም በዚሁ ነው?»

እናቴ በአዎንታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። የአክስቴ ባል ቢኖር ምን እንደሚል አላውቅም፤ እናቴ ግን ከዚህ በኋላ ስለ ትከሻው አንድም ቃል አልተነጋገሩም ትላለች። አክስቴ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ መንገዱን ስታይ ቆየች።

«ስሙን ንገሪኝ» አለቻት በመጨረሻ።

«የምኑን?»

«የኪኒኑን ነዋ። እኔን ማንም አይጠረጥረኝም።»

ቅዳሜ ጠዋት፣ ባሏ ሱቁን ሲከፍት፣ አክስቴ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ማዶ ወዳለው ፋርማሲ ተሻገረች። እንዳይከተላት በእጇ ምልክት ሰጠችው። መንገዱን ስትሻገር ሁለት ጊዜ ቆማለች፤ አንዴ ለመኪና፣ አንዴ ለትንፋሽ። ፋርማሲ ውስጥ ሰው ስለነበረ ተራ ጠበቀች። መድኃኒት ሻጯ የማታውቃት ልጅ ናት።

«ለራስዎ ነው?»

«አዎ።»

«ስንት ልጆች አሉዎት?»

«አምስት» አለች አክስቴ፤ «ይበቃኛል።»

ልጅቷ የሦስት ወር ሰጠቻት፣ አወሳሰዱንም አስረዳቻት። አክስቴ ያንኑ ቅዳሜ እኛ ቤት ድረስ መጥታ፣ እየሳቀች ይህን ለእናቴ ተናግራ፣ ከረጢቱን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ነው የምትውጪው፣ አትርሺ» አለቻት። «ከጨው ዕቃውም አውጪው፤ ይርሳል።»